አውራ ጎዳናዎቻችንን አንድ ኪሎ ሜትር ሳይቀር ለመጨረስ ከመስቀል አደባባይ እንዴት ይነሳል?

አገሩን ዞሬ ጨርሻለሁ የሚል ሰው የሄደበትን በካርታ ቢያሰምረው መስመሩ እዚህም እዚያም ተቆርጦ ያገኘዋል። ቁራጩ በብዛት የሚጎድለው ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ደንብ ያውጡ። በየብስ፣ በቀን፣ እንቅልፍ ሳይወስድዎ የሄዱት ብቻ ይቆጠር፤ አንድ አቅጣጫ ይበቃል።

መስቀል አደባባይን ዜሮ ብለው አምስቱን መውጫዎች ያስምሩ፦ በአዲሱ ገበያ ወደ ጎጃም፣ በመገናኛና ኮተቤ ወደ ደሴ፣ በሳሪስና ቃሊቲ ወደ አዳማ፣ በጦር ኃይሎችና አየር ጤና ወደ ጅማ፣ በአስኮ ወደ ነቀምቴ። እያንዳንዱን በመገንጠያዎቹ ይከፋፍሉ፤ ለምሳሌ ከዜሮ እስከ ሞጆ፣ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ።

አውቶቡስ የሚነሳው ከመናኸሪያ ነው። ቃሊቲ የተሳፈረ ሰው ከመስቀል አደባባይ እስከዚያ ያለው ይቀርበታል። ቀላል ባቡሩ ጎን ለጎን ቢሄድም ሐዲድ ነውና አይቆጠርም። እሁድ ጠዋት በሚኒባስ ታክሲ፣ ጋቢና ተቀምጠው ይሂዱ፤ በሥራ ቀን መንገድ ሲዘጋጋ ሹፌሩ ውስጥ ለውስጥ ይቆርጥና ክፍተት ይተዋል። ሳሪስ ላይ ታክሲ ከቀየሩ ከወረዱበት ቦታ ይሳፈሩ። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው የአዳማ የፍጥነት መንገድም በቢሾፍቱ ከሚያልፈው ነባሩ መንገድ ለብቻው ይቆጠራል። አንዱን በመሄጃ ሌላውን በመመለሻ መጨረስ ይቻላል።

ስልክዎ ላይ ኢንተርኔት ባይኖርም የሚሠራ ካርታ (ኦስማንድ ይበቃል) ይጫኑና ጉዞውን በየ5 ሰከንዱ እንዲመዘግብ ያድርጉ። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በየ100 ሜትሩ አንድ ነጥብ ይይዛል። ባትሪ ቆጣቢውን ለዚህ መተግበሪያ ያጥፉት፤ ካልሆነ ስክሪኑ ሲጠፋ ምዝገባው ይቆምና ሁለት ከተሞችን በቀጥታ መስመር አገናኝቶ ይጠብቅዎታል። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ግን ስልኩን አይውቀሱት። ከሳተላይት የሚመጣው ምልክት ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይቋረጣል። የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት ደብተር ላይ ይጻፉ። ደብተሩ ቀን፣ መነሻ፣ መድረሻና ከመንገድ ዳር የተነበበ የኪሎ ሜትር ድንጋይ ቁጥር ይያዝ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃልም።

ለመጀመሪያ ደብረ ብርሃን ይመረጣል፤ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በጠዋት ከወጡ ደርሶ መልስ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዋዜማው መናኸሪያ ሄደው ሹፌሮችን ይጠይቁ። የተዘጋ መስመር በቀይ ተሰምሮ ይቆይ። ኬላና ድልድይ ላይ ፎቶ አያንሱ።