ስለ ውሰት ቃላት ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«አማርኛችን በእንግሊዝኛ ተበረዘ» የሚለው ወቀሳ የተለመደ ነው። እውነትነት አያጣም። ግን ስለ ውሰት፣ ማለትም ከሌላ ቋንቋ ቃል ስለመዋስ፣ ስናወራ ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች አሉ፤ እነሱ ሳይጠሩ ክርክሩ የትም አያደርስም።

የመጀመሪያው ስህተት ባዕድ የመሰለንን ቃል ሁሉ ለእንግሊዝኛ መስጠት ነው። እስቲ አንድ ጋራዥ ግቡ። ካቻቢቴ፣ ቡሎን፣ ጎማ፣ መኪናው ራሱ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። «ጋራዥ» ደግሞ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ሳንቲም»ም እንደዚያው። ጠረጴዛ ከግሪክ፣ ሱቅና ወረቀት ከዓረብኛ ናቸው። እንግሊዝኛ ዘግይቶ የመጣ ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ድምፅ ስለተመሳሰለ ብቻ ዝምድና መፍጠር። ለገሃር ፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። ለገጣፎና ለገዳዲ ላይ ያለው «ለገ» ግን ኦሮምኛ ነው፤ ወንዝ ማለት ነው። እንግሊዞችም «ኒገስ» የሚሉት በወይን የሚሠራ ትኩስ መጠጥ ነበራቸው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ልክ እንደኛው «ንጉሥ» ነው፤ ስሙ ግን የመጣው ከኮሎኔል ፍራንሲስ ኒገስ ነው። በጣም የምንወደው ደግሞ «ኮፊ» የመጣው ከከፋ ነው የሚለው ነው። ቡናው ከእኛ ለመሄዱ ጥርጥር የለኝም። ቃሉ ግን ወደ እንግሊዝኛ የገባው በደች በኩል ነው፤ ከዚያ በፊት ቱርክኛው «ካህቬ»፣ ከዚያም በፊት ዓረብኛው «ቀህዋ» አለ። ከ«ቀህዋ» ወደ ከፋ የሚወስደው መንገድ ግን ግምት ነው። ግምትን እንደ ሐቅ ማውራት ለከፋ ክብር አይጨምርላትም።

ሌላው፣ «ትክክለኛው ትርጉም የመጣበት አገር ያለው ነው» ማለት ነው። አያስኬድም። እኛ ፉርኖ የምንለው ዳቦውን ነው፤ ጣሊያኖች ግን «ፎርኖ» የሚሉት ምድጃውን ነው። ሮም ላይ ማኪያቶ ያዘዘ ሰውም የአዲስ አበባውን ወተት አያገኝም። እንግሊዝኛም ያው ነው። «ፓኒኒ» በጣሊያንኛ ብዙ ቁጥር ነው፤ እንግሊዞች ግን ለአንድ ሳንድዊች ይሉታል፣ ሲበዛ ደግሞ የራሳቸውን «ስ» ይጨምሩበታል። ቃል የሚገዛው በገባበት ቤት ደንብ ነው።

«ውሰት ቋንቋን ያዳክማል» የሚባለውንም አልቀበልም። «ፊርማ»ን ተመልከቱ። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው። አማርኛ ግን እንዳለ ተቀብሎ አላስቀመጠውም፤ ልክ እንደ ራሱ ግስ አረባው፦ ፈረመ፣ ፈራሚ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረሙ፣ አፈራረም። ዛሬ «ውል ተፈራረሙ» ሲባል ጣሊያን ትዝ የሚለው የለም። ይህን የሚያደርገው አቅም ያለው ቋንቋ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ «እንዲያውም» እና «በመሠረቱ» እያሉን «አክቹዋሊ»፣ «ቤዚካሊ» እያልን ንግግር መጀመራችን። ይሄ ያልጎደለንን መበደር ነው፤ ከ«ፊርማ» ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም።

«ቦሊስ»፣ «ቦስታ» በሚሉ ሰዎች መሳቅም ይቅር። የ«ፐ» ድምፅ በውሰት ቃላት የገባ እንጂ ለአማርኛ ነባር አይደለም፤ ስለዚህ ምላስ ወደሚቀርበው «በ» ይሄዳል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም «ጠ» እና «ጨ» ስለሌላቸው ጤፍን «ቴፍ»፣ ጭላዳ ዝንጀሮን «ጀላዳ» ይላሉ። አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ የአገራችን ገበሬ ሲያደርገው ብቻ መሃይምነት የሚባልበት ምክንያት የለም።

በመጨረሻ ለምትጽፉ ሰዎች አንዲት ነገር። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሚኒስትር ሰውየው ወይም ሴትዮዋ። መግለጫ «የጤና ሚኒስትሯ ሰጡ»፣ ወይም «የጤና ሚኒስቴር አወጣ»። ዜና ላይ ሳይቀር ስለሚምታቱ፣ ከመለጠፋችሁ በፊት «ቴ» እና «ት»ን አንዴ እዩአቸው።