ክብ መጋዝና መምሪያ ይዞ ኤምዲኤፍን በትክክለኛ ማዕዘን መቁረጥ

ክብ መጋዝና ረጅም የአሉሚኒየም መምሪያ የገዛ ሰው ችግሩ ሁሉ የተፈታ ይመስለዋል። መምሪያው የሚሰጠው ግን ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው፤ ማዕዘኑን የሚያመጣው ለኪው ነው። ባቡር ሐዲዱ ወደ መራው እንደሚሄድ ሁሉ መጋዙም መምሪያው ተዛንፎ ከተቀመጠ የተዛነፈውን መስመር ሳያወላውል ይከተላል። ቁም ሣጥኑ ተገጣጥሞ በሩ አልዘጋ ሲል ማጠፊያው ይታማል እንጂ የመጀመሪያውን ቆረጣ የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

መጀመሪያ የሚታመን አንድ ጠርዝ ይፈልጉ። ሙሉ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ) አብዛኛውን ጊዜ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ነው። ባጃጅ ላይ ስለማይጫን ብዙ የድሬዳዋ ሰው ሱቁ በር ላይ ለሁለት አስቆርጦት ወደ ቤቱ ይሄዳል። በጥድፊያ የተቆረጠው ያ ጠርዝ ለመነሻነት አይሆንም። ፋብሪካው የቆረጠውን ረጅሙን ጎን ይምረጡና በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት፤ ከዚህ በኋላ ማንኛውም ልኬት የሚነሳው ከእሱ ብቻ ነው። ያልተቆረጠ ሙሉ ሰሌዳ ካለዎት ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ይለኩት። ሁለቱም አቅጣጫ 272.8 ሴንቲ ሜትር አካባቢ መምጣት አለበት። በሁለቱ መካከል የ4 ሚሊ ሜትር ልዩነት ካለ አጭሩ ጎን በ2 ሚሊ ሜትር ገደማ ተዛንፏል ማለት ነው።

ቀጥሎ ስኳድራው (የ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያው) ይፈተን። አዲስ ነው፣ ውድ ነው ተብሎ አይታመንም። ከመነሻው ጠርዝ ላይ በስኳድራው አንድ መስመር ያስምሩ፤ ከዚያ ስኳድራውን ገልብጠው ከዚያው ነጥብ ሌላ መስመር ያስምሩ። ሁለቱ ከተደራረቡ መልካም። ወደ ላይ እየሄዱ ከተለያዩ የሚያዩት ክፍተት የእውነተኛው ስህተት እጥፍ ነው። እንዲህ ያለውን ስኳድራ ለአጭር ሞራሌ (ባለ አራት ጎን የእንጨት ዘንግ) እንጂ ለሰሌዳ አይጠቀሙበት።

ትክክለኛ የሆነው ስኳድራም ቢሆን ለ122 ሴንቲ ሜትር ስፋት አጭር ነው። በ30 ሴንቲ ሜትር ላይ ለዓይን የማይታይ መዛነፍ ሌላኛው ጫፍ ሲደርስ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሰፊ ሰሌዳ ላይ ሥራውን ለሜትር ይስጡት። የሚቆረጥበትን ነጥብ በመነሻው ጠርዝ ላይ ያመልክቱ። ከእሱ በጠርዙ በኩል 120 ሴንቲ ሜትር ለክተው ሁለተኛ ነጥብ ያኑሩ። አሁን ከመጀመሪያው ነጥብ ወደ ሰሌዳው ውስጥ 90፣ ከሁለተኛው ደግሞ 150 ሴንቲ ሜትር የሚገናኙበትን ቦታ ይፈልጉ። መገናኛውን ከመጀመሪያው ነጥብ ጋር የሚያያይዘው መስመር ትክክለኛ 90 ዲግሪ ነው። በወፍራም የአናጺ እርሳስ አይሞክሩት። የ150ው ልኬት በ1 ሚሊ ሜትር ከተሳሳተ በሰሌዳው ማዶ 1.7 ሚሊ ሜትር ያህል ይዛነፋል። እኔ በምላጭ ጫፍ ነው የማመለክተው።

የሜትሩ ጫፍ ላይ ያለው ቆልማማ ብረት በአሮጌ ሜትር ላይ ከሚገባው በላይ ይላላል። ስለዚህ ብዙ አናጺዎች ከ10 ሴንቲ ሜትር ጀምረው ይለካሉ። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን 10ን መጨመር የረሳ ሰው መደርደሪያውን በ10 ሴንቲ ሜትር አሳጥሮ ይቆርጠዋል። ለጀማሪ የሚሻለው ጫፉ ያልላላ ሜትር መግዛት ነው።

መጋዙን ሶኬቱን ነቅለው ያዘጋጁ። ዲስኩ ከመጋዙ ሶል (ሰሌዳው ላይ ከሚያርፈው ጠፍጣፋ ብረት) ጋር 90 ዲግሪ መሆኑን በትንሽ ስኳድራ ይዩ፤ በላዩ ላይ የተጻፈው የዲግሪ ምልክት ብዙ ጊዜ ግምት ነው። ጥልቀቱ ከሰሌዳው ውፍረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይለፍ። ከመጋዙ ጋር የሚመጣው 24 ጥርስ ዲስክ ለግንባታ ጣውላ ነው፤ ለኤምዲኤፍና ለኮምፔርሳቶ (ስስ እንጨት ተደራርቦ ለተጣበቀበት ሰሌዳ) 40 ወይም 60 ጥርስ ያለው ይግዙ። መጋዝ ከመቀየር ዲስክ መቀየር ይረክሳል፣ ይበልጥም ይጠቅማል። የዲስኩን መከለያ በሽቦ አስሮ ወደ ላይ የሚሰቅል ባለሙያ ካዩ መጋዝዎን አያውሱት።

ሰሌዳውን በሁለት ጫፍ ብቻ ደግፎ መሐሉን መቁረጥ ትልቁ አደጋ ነው። መሐሉ ሲጎብጥ የተቆረጠው ክፍተት ይዘጋል፣ ዲስኩን ይነክሳል፣ መጋዙም ወደ ቆራጩ ይወረወራል። አራት ሞራሌ መሬት ላይ ዘርግተው፣ ሁለቱን ከመስመሩ ግራ ሁለቱን ከቀኝ አድርገው ሰሌዳውን ያስተኙት። ያኔ ሁለቱም ቁራጭ ባሉበት ይቀራሉ። የክብ መጋዝ ጥርስ ከታች ወደ ላይ ስለሚቆርጥ የላይኛውን ገጽ ይፈነቅላል፤ ስለዚህ ጥሩው ገጽ ወደ ታች ይሁን።

መምሪያውን የሚቀረው ቁራጭ ላይ አድርገው በሁለት ሞርሳ (ማጥበቂያ ብረት) አጥብቀው ይያዙት። ዲስኩ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይበላል፤ የሚበላው ከትራፊው መሆን አለበት። ከመቁረጥዎ በፊት መጋዙን ሳያስነሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይግፉት፤ ሞተሩ ሞርሳውን የሚገጨው ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ላይ ነው። መነጽርና ማስክ ያድርጉ። ዲስኩ ሙሉ ፍጥነት ሲይዝ ይግቡ፤ ሳይቆሙ፣ ሳይገፉም፣ እንጨቱ በሚፈቅደው ፍጥነት ይጨርሱ። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ወዲያውኑ ማብሪያውን ለቅቀው ሶኬቱን ይንቀሉ። ማብሪያው እንደተቆለፈ መጋዙን መሬት ላይ ጥሎ መሄድ ማለት መብራት ሲመጣ በራሱ የሚነሳ መጋዝ ማስቀመጥ ነው።

የአሉሚኒየሙ ዋጋ ከከበደዎት መምሪያ ራስዎ መሥራት ይችላሉ፤ እኔ እንዲያውም እሱን እመርጣለሁ። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ላይ የፋብሪካ ጠርዝ ያለው ጠባብ የኤምዲኤፍ ቁራጭ በኮላ ይለጥፉ። ሲደርቅ የመጋዙን ሶል በኤምዲኤፉ ጠርዝ አስጠግተው ይቁረጡ፤ የኮምፔርሳቶው ትርፍ ይወገድና አዲሱ ጠርዝ ዲስኩ የሚያልፍበት ትክክለኛ መስመር ይሆናል። ያንን ጠርዝ ምልክቱ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ይህ ጠርዝ በዲስኩ ዓይነት ስለሚወሰን ዲስክ ሲቀይሩ ሌላ መምሪያ ይሥሩ። ግድግዳ ላይ ሰቅለው ያኑሩት፤ በድሬዳዋ ፀሐይ ቆርቆሮ አጥር ላይ ተደግፎ የዋለ መምሪያም ሆነ ሰሌዳ ይጎብጣል።

የመጀመሪያውን ቆረጣ ሁልጊዜ በትራፊ ሰሌዳ ላይ ይሞክሩት። ከተቆረጡት ሁለት ቁራጮች አንዱን ገልብጠው፣ የመነሻው ጠርዞች በአንድ ቀጥ ያለ ሞራሌ ላይ እንዲያርፉ አድርገው የተቆረጡትን ጎኖች ያጋጥሙ። ብርሃን ካላለፈ ማዕዘኑ ተገኝቷል። ወደ አንድ ጫፍ የሚሰፋ ክፍተት ካለ የስህተቱ እጥፍ ነውና በግማሹ ያህል መምሪያውን አንቀሳቅሰው እንደገና ይቁረጡ።