የጎመን መደቦችን በዲጂታል ካርታ ላይ እንዴት ማስፈር ይቻላል?

አዲስ አበባ ውስጥ በወንዝ ዳርቻ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚለማባቸው ብዙ ቦታዎች አሉ፤ በካርታ ላይ ሲፈለጉ ግን ብዙዎቹ አይገኙም። ሁለት ስልክ፣ አንድ ሜትርና አንድ ኮምፒውተር ያለው የተማሪዎች ክበብ በጥቂት ቅዳሜዎች ሊያሰፍራቸው ይችላል። ወሩን በጋ አድርጉት፤ በክረምት የወንዝ ዳር ጭቃ ጫማ ያስቀራል።

መጀመሪያ ፈቃድ። እዚህ ከተማ ውስጥ ሜትርና ወረቀት ይዞ መሬት የሚዞር ሰው ሲታይ አልሚው ቀድሞ የሚያስበው «ሊያስነሱን ነው» ብሎ ነው፤ ስጋቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ተማሪዎቼን ይዤ መጀመሪያ የወጣሁ ዕለት ይህን ዘንግቼው ነበር። አንዲት እናት ጎንበስ ካሉበት ቀና ብለው «ልጆቼ፣ የምትለኩት ለማን ነው?» ሲሉ አንዳችንም የረባ መልስ አልነበረንም። ባዶ እጃችንን ተመለስን። ስለዚህ ሜትሩን ከቦርሳ ከማውጣታችሁ በፊት ካርታው ለምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚያየውና ምን እንደማይጻፍበት ንገሯቸው። ስም፣ ስልክ ቁጥርና የይዞታ ጉዳይ አይመዘገብም። እምቢ ያሉ ሰው ካሉ መደባቸው ይለፍ፤ መለማመጥ አያስፈልግም።

ቀጥሎ መጠይቁ። ኮቦቱልቦክስ የተባለው መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔት ይመዘግባል፤ የተሰበሰበውን በኋላ ትልካላችሁ። አምስት ጥያቄ ይበቃል፦ ምን ተዘርቷል፣ መቼ፣ ውሃው ከየት ይመጣል፣ ፎቶግራፍ፣ የቦታው ነጥብ። የውሃውን መልስ በነጻ እንዲጽፉ አትፍቀዱ። አንዱ «ወንዝ»፣ ሌላው «ከወንዙ»፣ ሦስተኛው «አቃቂ» ይላል፤ ኮምፒውተሩም ሦስት ዓይነት ውሃ ብሎ ይቆጥረዋል። ወንዝ፣ ጉድጓድ፣ ቧንቧ ብላችሁ ምርጫ ስጧቸው።

አሁን ወደ ልኬት። ተማሪዎች ስልክ የሚለውን ሁሉ ያምናሉ፤ ትልቁ ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ በተገለጠበት ሜዳ ላይ እንኳ 5 ሜትር ያህል ሊስት ይችላል፤ ባህር ዛፍ ሥር ወይም ፎቅ አጠገብ ደግሞ ይብሳል። የአንድ መደብ ወርድ ሁለት ሜትር ቢሆን አራቱን ማዕዘን በስልክ መያዝ ምን ያወጣል? ስለዚህ በጂፒኤስ የጠቅላላውን ቦታ የውጭ ማዕዘኖች ብቻ ያዙ። በየማዕዘኑ ቆማችሁ ስልኩ የሚያሳየው የስህተት መጠን እስኪወርድ ታገሡ። የውስጡን መደቦች በሜትር ለክታችሁ በእርሳስ ንድፍ ላይ አስፍሩ። ኬክሮስና ኬንትሮስ ስትጽፉ ከነጥብ በኋላ አምስት አሃዝ በቂ ነው፤ አምስተኛው አሃዝ አንድ ሜትር ገደማ ያመለክታል፤ ከዚያ በላይ ያለው ጌጥ ነው።

ኮምፒውተር ላይ ኪውጂአይኤስ የተባለውን የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ጫኑ፤ ነጻ ነው። ነጥቦቹን አስገብታችሁ ከሳተላይት ምስል ጋር አመሳክሩ፤ ምስሉ የቆየ ሊሆን ስለሚችል የተነሳበትን ጊዜ ተመልከቱ። ስፋቱ በካሬ ሜትር እንዲወጣ የካርታውን ሥርዓት ዩቲኤም (ምድርን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚያመለክት ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን፣ መነሻውን፣ ማለትም ልኬቱ የሚነሳበትን የምድር ቅርጽ ስሌት፣ ደብሊውጂኤስ 84 አድርጉት። የቆዩት የአገራችን የመልክዓ ምድር ካርታዎች አዲንዳን በተባለ ሌላ መነሻ ላይ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱን ሳታስማሙ ብትደራርቡ ልዩነቱ ወደ 200 ሜትር ይደርሳል፤ ጎመኑም ወንዝ ተሻግሮ ቁጭ ይላል። የእኛ ተማሪዎች በዚህ ሲስቁ ውለዋል፤ ትምህርቱም ከዚያ ወዲህ አልጠፋባቸውም።

አልሚዎቹ ከተስማሙ የጠቅላላውን ቦታ ወሰን ኦፕንስትሪትማፕ ላይ መጨመር ይቻላል። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንም ሰው ሲያርመው የኖረ ካርታ ነው። ከጉግል ካርታ መገልበጥ ግን ክልክል ነው፤ በራሳችሁ ልኬትና በተፈቀዱት ምስሎች ብቻ ሥሩ። የቦታውንም ስም ነዋሪው በሚጠራበት በአማርኛ ጻፉ።

ከማስገባታችሁ በፊት ግን ካርታውን በትልቅ ወረቀት አትሙና ከቀይ እስክሪብቶ ጋር ወደ መደቡ ይዛችሁ ሂዱ። የተሳሳተውን ድንበር አልሚዎቹ ራሳቸው ያሰምሩበታል።