ለግራውንድ ተቆጣጣሪ «እሺ» መልስ አይደለም

የአየር ማረፊያ ታወር ላይ ወጥቶ ግራውንድ ፍሪኩዌንሲ (መሬት ላይ የሚንቀሳቀሱ አውሮፕላኖች መመሪያ የሚቀበሉበት የሬዲዮ መስመር) ላይ የሚቀመጥ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ሰልጣኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው እንግሊዝኛውን ነው። የሚጥለው ግን ጆሮው ነው። በሬዲዮ ሥራ ላይ ከባዱ ነገር መናገር ሳይሆን መስማት ነው።

ስህተት አንድ፦ ሪድባኩን፣ ማለትም አብራሪው መመሪያውን መልሶ ሲደግም፣ ሳይሰሙ ማለፍ። አብራሪው የነገራችሁትን መልሶ ሲደግም እናንተ ስትሪፕ (የበረራው መረጃ የሚጻፍበት ቁራጭ ወረቀት) ላይ እየጻፋችሁ ወይም የሚቀጥለውን አውሮፕላን እያሰባችሁ ነው። ጆሮ ደግሞ የጠበቀውን ነው የሚሰማው። «ሆልድ ሾርት» (ከራንዌዩ፣ ከመንደርደሪያው፣ ውጭ ቁም) ብላችሁት «ክሮስ» (አቋርጥ) ብሎ ቢመልስ ሊያመልጣችሁ ይችላል። ዝም ካላችሁ ልክ ነኝ ብሎ ይሄዳል። እስክሪብቶውን አስቀምጡና ስሙ። ራንዌይ መግባት፣ ማቋረጥና ከራንዌይ ውጭ መቆም ከነቁጥሩ መደገም አለበት። ቦሌ አየር ማረፊያ ሁለት ትይዩ ራንዌይ ስላለው ግራና ቀኙም ጭምር።

አብራሪው «ሮጀር» ብቻ ብሎ ከመለሰላችሁ ደግሞ አስደግሙት። ሮጀር «ያልከውን ሰምቻለሁ» ማለት ብቻ ነው። እንደኛ «እሺ» ነው፤ እናቱ ስትጠራው «እሺ» ብሎ ከተቀመጠበት ያልተነሳ ልጅ ያውቃታል። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንላት «አዎ» እማ በሬዲዮ ጭራሽ አትሰማም።

ሁለተኛው የማያውቁትን ቦታ እንዳወቁ አድርጎ መቀበል ነው። ጥቅምት 8 ቀን 2001 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የጣሊያኑ ሚላን ሊናቴ አየር ማረፊያ በጉም ተሸፍኗል። የምድር ራዳሩም አይሠራም። አንዲት ትንሽ ሴስና ጄት በአር 5 ታክሲዌይ (ወደ ራንዌይ መሄጃ መንገድ) እንድትሄድ ተነግሯት በአር 6 ሄደች። አብራሪው መንገድ ላይ «ኤስ 4» ብሎ ያለበትን ቦታ ተናገረ። ተቆጣጣሪው ይህን ምልክት አያውቀውም ነበር፤ ሆኖም መንገዱን ቀጥል አለው። ሴስናዋ ራንዌይ ገባች፤ ለመነሳት ከሚንደረደር የኤስኤኤስ አየር መንገድ አውሮፕላን ጋር ተጋጨች። 118 ሰዎች ሞቱ። «የት ነው ያለኸው?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። ጉም ባለበት ቀንማ ሁለቴ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ቃል መበደር። ግራውንድ ላይ «ቴክኦፍ» (መነሳት) የሚለው ቃል ከአፋችሁ አይውጣ፤ «ዲፓርቸር» በሉ። ቴክኦፍ የሚባለው ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ነው፣ እሱም ራንዌዩን የሚይዘው የታወር ተቆጣጣሪ ሥራ ነው። በ1977፣ ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በስፔኗ ቴነሪፍ ደሴት የኬኤልኤም አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመነሳት ላይ መሆናቸውን ሲናገር ተቆጣጣሪው «ኦኬ» አለ። «ተጠባበቅ፣ እጠራሃለሁ» የሚለው ቀጣዩ ቃሉ ግን በዚያው ቅጽበት እዚያው ራንዌይ ላይ ከነበረው የፓን አም አውሮፕላን ከመጣ ድምፅ ጋር ተደራርቦ በፉጨት ተዋጠ። ሁለቱ አውሮፕላኖች ተጋጩ፤ 583 ሰው አለቀ። ያቺ «ኦኬ» እስካሁን ትምህርት ቤት ውስጥ ትነሳለች።

ጥር 2 ቀን 2024 ቶኪዮ ሃኔዳ ላይም የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን እስከ መቆሚያ ነጥቡ ብቻ ተፈቅዶለት «ነምበር ዋን» (ለመነሳት ተራህ አንደኛ ነው) ተባለ። ራንዌይ ገብቶ ከሚያርፍ ኤ350 የመንገደኞች አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። ከእሱ 5 ሰዎች ሲሞቱ፣ የኤ350 379 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች በሙሉ ወጡ። ከዚያ በኋላ ጃፓን ቃሉን ለጊዜው አቆመችው።

የቀሩት ቀላል ናቸው። ተመሳሳይ ኮል ሳይኖች (የአውሮፕላን መጠሪያዎች) ባሉበት ሰዓት ቁጥሩን አታሳጥሩ። 9ን «ናይነር» በሉ። አንድ ትራንስሚሽን ላይ አምስት መመሪያ አትደራርቡ፤ ሁለቱ ይጠፋሉ። ፍጥነት ደግሞ ጉብዝና አይደለም፤ በፍጥነት የተናገራችሁትን «ሴይ አጌን» (ድገመው) ስትባሉ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ።