ወፍ ለማየት ወጥቶ «ምንም የለም» ብሎ የመመለስ ስህተቶች

ባለፈው ኅዳር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤተሰቡን ሰብስቦ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ሄዶ ነበር። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ፊቱ አላማረኝም። «ስማ፣ ያ ወፍ ወፍ የምትለው ቦታ ምንም የለም እኮ። ሣር፣ ከብት፣ አለቀ!»

ስንት ሰዓት ደረሳችሁ? አልኩት። «አምስት ሰዓት አካባቢ።» ስንት ነበራችሁ? «አሥራ አንድ።» ሙዚቃ ነበር? ትንሽ ዝም አለና «ለልጆቹ ብለን ነው» አለ።

አልፈረድኩበትም። የኔ የመጀመሪያ ጉዞ ከሱም የባሰ ነበር። አዲስ አበባ ዳር ለእግር ጉዞና እንስሳ ለማየት የሚሆኑ ቦታዎች አሉን። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ከከተማው በላይ ካሉት ተራሮች ወርደው፣ ከተማውን አቋርጠው፣ በስተደቡብ አባ ሳሙኤል ይገባሉ፤ ውሃው ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በምዕራብ ደግሞ በአምቦ መንገድ፣ ቡራዩን አልፎ፣ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ገፈርሳ አለ። ሁለቱም ሰው ሠራሽ ሐይቆች ናቸው። ዙሪያቸው ሜዳ ስለሆነ ጉልበት የሚፈትን አቀበት የለም፤ እናትህንም ይዘህ ትሄዳለህ። የምትሄዱበት መንገድ የከብት መንገድ ነው። የሚበላሸው ነገር ሌላ ነው።

አርፍዶ መድረስ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሌላውን ሁሉ አስተካክላችሁ ይህን ከሳታችሁ ዋጋ የለውም። ወፎች ሌሊቱን ሳይበሉ ያድራሉ። ጎህ ሲቀድ ርቧቸው ይነሳሉ፣ ይጮሃሉ፣ ምግብ ይፈልጋሉ። ፀሐይ ስትበረታ ጥላ ውስጥ ይገቡና ዝም ይላሉ። አምስት ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው ሰርግ ቤት ድንኳን ሲፈርስ እንደደረሰ እንግዳ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ትወጣለች። ስለዚህ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታው ላይ መገኘት ነው። ቅዳሜን ለእንቅልፍ ያስቀመጠ ሰው እንደሚያመው አውቃለሁ። ካልቻላችሁ ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ሂዱ፤ ሁለተኛው ጥሩ ሰዓት እሱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ይለያል። ንስርና ጥንብ አንሳ ጠዋት ሰነፎች ናቸው። ክንፋቸው ሰፊ፣ ሰውነታቸው ከባድ ስለሆነ መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ መነሳት እስኪጀምር ይጠብቃሉ። ከ3 ሰዓት በኋላ ቀና ብላችሁ ሰማዩን እዩ፤ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ሲዞሩ ታገኟቸዋላችሁ።

ፒክኒክ ማድረግ

ጮማ፣ ድስት፣ ስፒከር፣ አሥራ አንድ ሰው። በዓል ነው እንጂ ወፍ ማየት አይደለም። ሦስት ወይም አራት ሰው ይበቃል። ቀይና ደማቅ ነጭ ልብስ ቤት ይቅር። ምግብ የግድ ከሆነ ቆሎ ወይም በሶ ያዙ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። እህቴ ገፈርሳ ዳር ቆማ ሳምቡሳ ስትበላ ጭልፊት ከኋላዋ መጥቶ ከእጇ ነጥቋት ሄደ። ጣቷን አልነካትም። ጩኸቷ ግን የሜዳውን ወፍ በሙሉ አስነሳው። ያን ቀን ያየነው እንስሳ ያ ሌባ ብቻ ነው።

ውሃውን ብቻ ማፍጠጥ

ሰው ሐይቅ ሲያይ ዓይኑ ውሃው ላይ ይተከላል። እኔ ግን መጀመሪያ ሣሩን ነው የማየው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ክንፈ ሰማያዊ ዝይ የሚባል አለ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ አገር የለውም። ዝይ ነውና ሐይቅ ላይ ሲንሳፈፍ እናገኘዋለን ብለን እንጠብቃለን። እሱ ግን መዋኘት ብዙም አይወድም፤ ሣር ይግጣል። ቀለሙ አመድማ ቡናማ ነው። ሲራመድም ሲቆምም አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ ስለሚያሳርፍ ከሩቅ ድንጋይ ይመስላል። ስሙን ያገኘበት ሰማያዊ ቀለም በደንብ የሚታየው ክንፉን ሲዘረጋ ነው። ገፈርሳ ሜዳ ላይ «ድንጋይ» ብዬ አልፌው የሄድኩት ስንቱ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። አሁን ድንጋይ ሁሉ ሁለቴ አያለሁ። የኛ ሰው ዳክዬና ዝይ አለመብላቱ ለዚህ ወፍ በጀው።

ከዚያ ከብቶቹን እዩ። በሬው ሲረግጥ ከሣሩ የሚነሳውን ፌንጣ ለመልቀም ነጩ ሳቢሳ እግር በእግር ይከተለዋል። ያን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ጭራዋን ከፍ ዝቅ የምታደርግ፣ ሆዷ ቢጫ የሆነች ትንሽ ወፍ በከብቶቹ እግር መሃል ትሮጣለች። ያቺ አውሮፓና እስያ ተፈልፍላ የዚያን አገር የብርድ ወራት እኛ ዘንድ የምታሳልፍ እንግዳ ናት። በረሃ አቋርጣ ነው የመጣችው፤ ክብደቷ ግን ከአራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብዙም አይበልጥም። በዚያው ወቅት አቃቂ ሜዳ ላይ ክሬን የሚባሉት ግራጫ፣ እግረ ረጃጅም ወፎችም ከሰሜን ይመጣሉ።

ጋጋኖ ደግሞ ራሱ ይጠራችኋል። ጠዋትና ማታ ከጣሪያችን በላይ እየጮኸ የሚያልፈው፣ ምንቃሩ ወደ ታች የታጠፈው፣ ክንፉ ላይ ነጭ ያለው ወፍ እሱ ነው። ቦሌም ሆነ ጉለሌ ያላችሁ በየቀኑ ትሰሙታላችሁ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ እንደማይገኝ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። የውጭ ሰዎች እሱን ለማየት የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጣሉ። እኛ «ምን ያንጫጫዋል» እያልን እንተኛለን።

አረንጓዴ ሁሉ ጫካ ይመስለናል

ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው ከአውስትራሊያ የመጣው። ከተማዋን ከማገዶ ችግር ያወጣት ባለውለታ ነው፤ አልወቅሰውም። ግን ሥሩ ቁጥቋጦ ብዙም አይበቅልም፤ የኛ አገር ወፎችና እንስሳት የሚበሉት ፍሬም አይሰጥም። ስለዚህ የባሕር ዛፍ ተክል ውስጥ ሁለት ሰዓት ተጉዞ ምንም ያላየ ሰው አይገርመኝም። ጉሬዛና ድኩላ ካማራችሁ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ወዳለበት ወደ መናገሻ ሱባ ሂዱ። በወንዝ ዳርም ቢሆን የአገር ዛፍ ያለበትን ጥግ ምረጡ።

ጫማና ጭቃ

ከሐምሌ እስከ መስከረም አጋማሽ አቃቂ ሜዳን ተዉት። መሬቱ መረሬ ነው። ዝናብ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ይይዛል። አንድ መስከረም አደይ አበባው አታሎኝ ገባሁና የግራ ጫማዬን እዚያው ትቼ በካልሲ ወጣሁ። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ መሬቱ ይደርቃል፣ ውሃው ገና አልሸሸም፣ እንግዶቹ ወፎችም ገብተዋል። ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። ኮፍያና ውሃ አትርሱ፤ ደጋ ነው ብላችሁ ፀሐዩን አትናቁት።

ወንዙን መንካት

ይህን በቁም ነገር ውሰዱልኝ። አቃቂ የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ይዞ ነው የሚወርደው። እጅ አትታጠቡበት፣ ልጆች እግራቸውን አይንከሩበት። አባ ሳሙኤል ላይ የምታዩት ያማረ አረንጓዴ ምንጣፍም እምቦጭ ነው፤ በቆሻሻው ማዳበሪያነት ይፋፋል። ወፎቹ ይህን ሁሉ ችለው መኖራቸው ያስገርመኛል፤ ያናድደኛልም።

ገፈርሳ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ከለገዳዲና ከድሬ ጋር ከተማው የሚጠጣው ውሃ ነው። እናንተ እዚያ የጣላችሁት ፌስታል የናንተው ቧንቧ መነሻ ላይ ነው። ግድቡ ጋ ጥበቃ አለ፤ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ አንዴ አውጥቼ ግማሽ ቀን ሳስረዳ ዋልኩ።

ሰላም ሳይሉ ማለፍ

ሜዳው የሰው ግጦሽ ነው። ባይኖኩላር አንገት ላይ አንጠልጥሎ፣ ዝም ብሎ፣ የሰው ቤትና ከብት እያየ የሚያልፍ ሰው ያስፈራል። «አካም ጂርቱ» ማለት ምንም አያስከፍልም። ሽማግሌ ካገኛችሁ ቆም ብላችሁ የከብቱንም የልጁንም ደህንነት ጠይቁ። ከዚያ ባይኖኩላሩን አውሱት፤ ልጆቹ ተሰልፈው ያያሉ። እረኞቹ ከኔ የተሻለ ያውቃሉ። የትኛው ወፍ የት እንደሚያድር፣ የትኛው ረግረግ እንደሚያሰጥም የነገሩኝ እነሱ ናቸው።

ውሻ ሲመጣ አትሩጡ። ቁሙ፣ ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሱ ምሰሉ። የአገራችን ውሻ ይህን ቋንቋ ያውቃል። ከነከሳችሁ ግን ቁስሉን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም።

ለቪዲዮ ብሎ ማስነሳት

ድንጋይ ወርውሮ መንጋውን ማስነሳት፣ የወፍ ድምፅ በስልክ እየከፈቱ መጥራት፣ ጎጆ ከፍቶ ማየት። ሦስቱም ያው ናቸው። ከሩቅ አገር የመጣች ወፍ የምትበላው ለመመለሻው ጉዞ ስንቅ ነው፤ ባስነሳናት ቁጥር ከስንቋ እየቀነስን ነው።

ትልቁን ባይኖኩላር መግዛት

ሻጩ «ይሄ 20 ጊዜ ያጎላል» ይላችኋል። አትስሙት። 8 በ42 የሚል የተጻፈበት ይበቃል፤ ስምንቱ የሚያጎላበት መጠን፣ አርባ ሁለቱ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ሲያጎላ የእጃችሁንም መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላል። ጠዋት ከውሃው ምሥራቅ በኩል ቁሙ፣ ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሁን። አለዚያ ሁሉም ወፍ ጥቁር ነው።

ማታውን መግፋት

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወደ መንገዱ መመለስ ጀምሩ። ሲመሽ ጅብ ይወጣል፤ ታክሲም ይጠፋል። እውነቱን ለመናገር ከጅቡ ይልቅ ታክሲው ነው የሚያሳስበኝ።

ባልደረባዬ ታኅሣሥ ላይ እንደገና ሞከረ። በዚህ ጊዜ ገፈርሳ፣ ከባለቤቱና ከትልቁ ልጁ ጋር ብቻ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል። ሰኞ ቢሮ ሲገባ ስልኩን አውጥቶ አንድ ብዥ ያለ ፎቶ አሳየኝ። ሣር መሃል አመድማ ነገር አለ። ዝይ ይሁን ድንጋይ እኔ አልለየሁትም። እሱ ግን «ተንቀሳቅሷል» ብሎ ይምላል።