ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ የጀርመን ወይ የጃፓን መኪና ስትገዙ ከነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያለፈ መኪና ልገዛ ነው ላለ ሰው ምክር ሚሰጠው አይጠፋም፣ ግማሹ "ቶዮታ ግዛና ተኛ" ይለዋል፣ ግማሹ ደሞ "የጀርመን ብረት ሌላ ነው እኮ" ይለዋል። ሁለቱም ዝም ብለው አይደለም ሚያወሩት፣ ግን በዚች ብቻ ገንዘቡን ቆጥሮ ሚሰጥ ሰው ሳይ በጣም ነው ሚያሳስበኝ። ብዙ የሄደ መኪና ላይ ሚወስነው የተሰራበት ሀገር ሳይሆን የትኛው ሞተር ከየትኛው ካምቢዮ ጋር ተገጥሞ በማን እጅ እንዴት ተይዞ ቆየ ሚለው ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው ምጽፈው።)

1. ሞተሩን ትቶ ሀገሩን መግዛት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ቢኤምደብሊውን እንውሰድ። ኤን52 ሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን ሞተር ቱርቦ የለውም፣ ዘይት ማንጠባጠቡና የውሃ ፓምፑ እንዳለ ሆኖ ውስጡ ግን ጠንካራ ነው፣ በደንብ ከተያዘ ብዙ ይሄዳል። ኤን47 ሚባለው ባለ አራት ሲሊንደር ናፍጣ ደሞ ከ2007 ጀምሮ የወጣ ሲሆን የታይሚንግ ካቴናው (የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር ሚያስማማው ሰንሰለት) የተቀመጠው ከሞተሩ ኋላ በካምቢዮው በኩል ነው፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቶች ላይ ካቴናው አልቆ ሊበጠስ ይችላል፣ ለመቀየር ደሞ ወይ ሞተሩን ወይ ካምቢዮውን ማውረድ ስለሚፈልግ የእጅ ዋጋው ብቻ ያስደነግጣል። ሁለቱም ሞተር አንድ አይነት ቦዲ ውስጥ ልታገኙት ትችላላችሁ፣ እጣቸው ግን አይገናኝም።

ጃፓኖቹም ጋ እንደዛው ነው። ቶዮታ ካምሪ ላይ ከ2007 እስከ 2009 የተገጠመው 2.4 ሊትር 2ኤዜድ ሞተር ፒስተን ሪንጉ እየተያዘ ዘይት ሚበላበት ችግር ነበረበት፣ ቶዮታ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ዋስትናውን አራዝሞለታል። ኒሳንም በሲቪቲ (ቋሚ ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ) ካምቢዮው እዛው አሜሪካ ዋስትና ማራዘም ግድ ሆኖበት ነበር። የሱባሩ 2.5 ሊትር ኢጄ25 በቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ችግር ይታወቃል፣ የ2000ዎቹ መጀመሪያ ቪ6 ሆንዳዎች ደሞ በአውቶማቲክ ካምቢዮ። እነዚህ ሁሉ ጃፓን ናቸው።

ጭራሽ ሀገሩ ራሱ ተደባልቋል። በ2014 የመጣው ቶዮታ ቬርሶ 1.6 ናፍጣ ሞተሩ የቢኤምደብሊው ነው፣ በ2019 የመጣው ሱፕራም እንደዛው፣ ብዙ ቮልስዋገኖች ላይ ያለው ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ ደሞ የጃፓኑ አይሲን ነው የሰራው። ስለዚህ መኪናውን ከማየታችሁ በፊት የሞተሩን ኮድና የካምቢዮውን አይነት ጠይቁ፣ ከዛ የዛን ኮድ በሽታ አጥኑ።

2. በድሮ ስም መግዛት

"መርሴዲስ ሚሊዮን ይሄዳል" ሚባለው ወሬ ከሜዳ አልመጣም። አንድ የግሪክ ታክሲ ሹፌር የ1976 ሞዴል 240ዲ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አስኬዶ በ2004 ለመርሴዲስ ሙዚየም አስረክቧል፣ ያውም ሞተር እየቀያየረ። ደብሊው123 እና ደብሊው124 ሚባሉት የድሮ መርሴዲስ ናፍጣዎችም እውነት ነው የማይሞቱ ነበሩ፣ ግን እነሱ ላይ እኮ ሚበላሽ ነገር ራሱ ጥቂት ነበር። ከ2000 በኋላ የወጣ ባለ ኤር ሰስፔንሽን፣ በየቦታው ኮምፒውተር ያለው መርሴዲስ ስትገዙ ያንን ስም አብራችሁ አትግዙ።

3. ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቁጥር ማመን

300 ሺህ በረጅም መንገድ የሄደ መኪና በከተማ ጭንቅንቅ 120 ሺህ ከሄደው ሊሻል ይችላል። አጭር መንገድ ብቻ ሚሄድ መኪና ዘይቱ በደንብ ሳይሞቅ ሞተሩ ይጠፋል፣ ነዳጅና እርጥበት ዘይቱ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ዘመናዊ ናፍጣ ከሆነ ደሞ የጭስ ማጣሪያው የያዘውን ጥላሸት ለማቃጠል ሚያስፈልገውን ሙቀት ስለማያገኝ ይደፈናል።

ከዛ ደሞ ቁጥሩ ወደኋላ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ አልቆ፣ መሪው አብለጭልጮ፣ የሹፌር ወንበር ጠርዙ ተቦጫጭቆ ቆጣሪው 90 ሺህ ካለ አትመኑት። ጀርመኖቹ እዚህ ላይ አንድ ጥቅም አላቸው፣ ብዙዎቹ ኪሎ ሜትሩን ከዳሽቦርዱ ሌላ ቦታም ይመዘግባሉ፣ ቢኤምደብሊው ለምሳሌ ቁልፉ ውስጥ ሳይቀር ይይዘዋል፣ ጥሩ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር ሚያነብ መሳሪያ) ያለው መካኒክ ቁጥሮቹን ያስተያይላችኋል።

4. "ጃፓን ስለሆነ ሰርቪስ ባይደረግም ችግር የለውም"

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። አብዛኛው የጃፓን ቤንዚን ሞተር ቱርቦ የለውም፣ ከአንድ ሊትር ሚወጣው ጉልበት መጠነኛ ነው፣ አሰራሩ ቀለል ያለ ነው፣ በዛ ላይ ክፍሎቹ ለብዙ ዓመት ሳይቀየሩ እየተሻሻሉ ስለሚመጡ ችላ ቢባልም ቶሎ አያኮርፍም። ችግሩ ግን ያ ትዕግስቱ የባለቤቱን ስንፍና ይደብቃል። ጀርመኑ ዘይቱ ቢዘገይ፣ ውሃው ቢጎድል ቶሎ መብራት አብርቶ፣ አፍስሶ፣ ጮሆ ይናገራል። ጃፓኑ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ከዛ ሂሳቡ ሁሉ እናንተ እጅ ላይ ሲገባ ይመጣል። ለዛ ነው 250 ሺህ የሄደ የጃፓን መኪና "ምንም ሆኖ አያውቅም፣ ምንም ነክተነው አናውቅም" ተብሎ ሲሸጥ እኔ ምፈራው፣ ያ እኮ ሙገሳ አይደለም።

ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ፕራዶና ሃይሉክስ ላይ ያለው 3.0 ሊትር ዲ4ዲ፣ 1ኬዲ ሚባለው ናፍጣ። የኢንጀክተሮቹ ስር ያለው የመዳብ ማሸጊያ ሲያልቅ የሚቃጠለው ጋዝ እየሾለከ ዘይቱን ያጠቁረዋል፣ ካርቦኑ ደሞ ካርተር ውስጥ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍነዋል፣ ከዛ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ኩሺኔታዎቹ ያልቃሉ። ማሸጊያው ራሱ እዚህ ግባ ማይባል ዋጋ ነው። በጊዜ ተቀይሯል ወይ ብሎ ሚጠይቅ ገዢ ግን ስንት አለ?

ሲቪቲ ካለው ደሞ የካምቢዮ ዘይቱ መቼ ተቀየረ ሚለውን ሳታረጋግጡ ወደ ዋጋ አትግቡ። ስትነዱት ሚንቀጠቀጥ ወይ ሞተሩ ጮሆ መኪናው ማይፈጥን ከሆነ ተሰናበቱት።

5. "የዕድሜ ልክ ዘይት" ሚለውን ማመን

የጀርመን አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይቱ አይቀየርም ይባላል፣ የመኪናው ማንዋልም አንዳንዴ እንደዛ ይላል። ብዙዎቹን ካምቢዮዎች የሰራው ዜድኤፍ ሚባለው የጀርመን ድርጅት ግን ራሱ እንደ አነዳዱ ከ80 ሺህ እስከ 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ቀይሩ ነው ሚለው። የቮልስዋገኑ ባለ 6 ማርሽ ዲኤስጂ (ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ) ዘይት በየ60 ሺህ ነው ሚቀየረው። የሞተር ዘይትም ላይ ቮልስዋገን ሎንግላይፍ ብሎ እስከ 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ወይ 2 ዓመት ሚፈቅድበት ፕሮግራም አለው፣ ለመጀመሪያው ባለቤት ሊመች ይችላል፣ ለሶስተኛው ግን አይመችም። ፋይሉ ላይ በየ10 ሺው የተቀየረ ዘይት ካያችሁ ያ ሰው መኪናውን ሚወድ ሰው ነበር።

6. ብረቱን አይቶ ፕላስቲኩን መርሳት

ብዙ የሄደ ጀርመን መንገድ ላይ ሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ አይደለም። የራዲያተር ውሃ ማጠራቀሚያው፣ የቴርሞስታት ቤቱ፣ የውሃ ቱቦ መገጣጠሚያው፣ ሁሉም ፕላስቲክ ነው፣ ሙቀት እየበላው በዕድሜ ይደርቃል ይሰነጠቃል፣ ውሃው ይሄዳል፣ አሉሚኒየሙ ቴስታታ ይጣመማል። የኤን52 የውሃ ፓምፕ ደሞ በቺንጊያ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ነው ሚዞረው፣ ሳያስጠነቅቅ ሊቆም ይችላል። ካልተቀየረ ቀይሩት፣ አትከራከሩ።

የመርሴዲስ ቪ6 ናፍጣ፣ ኦኤም642፣ የዘይት ማቀዝቀዣው ማሸጊያ ሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መሃል ነው ያለው። ጎማዋ ርካሽ ናት፣ እሷ ጋ ለመድረስ ግን የሞተሩ ግማሽ ይፈታል። ከሞተሩ ኋላ በካምቢዮ ቤት በኩል ዘይት ካያችሁ መጀመሪያ እሷን ጠርጥሩ።

7. ያለውን ገንዘብ ሁሉ ለመግዣ መጨረስ

ያገለገለ ጀርመን ርካሽ ሚሆነው ዋጋው ስለወደቀ ነው፣ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አልወደቀም፣ አዲስ እያለ ውድ የነበረ መኪና መለዋወጫው ዛሬም የውድ መኪና ነው። ለመጀመሪያው ዓመት ለብቻ ሚቀመጥ ገንዘብ ከሌላችሁና አጠገባችሁ መኪናውን ሚያውቅ መካኒክ ከሌለ፣ ቱርቦና ሲቪቲ የሌለው ቤንዚን ጃፓን ውሰዱ። ሁለቱም ካላችሁና የሰርቪስ ፋይሉ ሙሉ ከሆነ ጥሩ ጀርመን መንዳት ደስታው ሌላ ነው፣ አልከለክላችሁም።

8. ሞተሩ ሞቆ ሲጠብቃችሁ ዝም ማለት

ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆየኝ በሉ፣ ስትደርሱም ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ። የካቴና መንቀጫቀጭ፣ ሰማያዊ ጭስ፣ የናፍጣ አስቸጋሪ አነሳስ፣ ሁሉም ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ነው ሚሰማው ሚታየው። ስካነሩ ምንም የብልሽት ኮድ የለም ካለም አትርኩ፣ የመኪናው ኮምፒውተር የራሱን ፍተሻዎች ጨርሷል ወይ ብላችሁ አስነብቡ፣ ብዙዎቹ "አልተጠናቀቀም" ካሉ ወይ ባትሪው በቅርቡ ተነቅሏል ወይ ኮዱን አጥፍተውታል ማለት ነው፣ ጥቂት ቀን ተነድቶ እንደገና ይመርመር በሉ፣ ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ መኪና ፈልጉ።