የድንጋይ ከሰል ዋሻ እንዳይናድ፦ ከምሰሶ ስሌት እስከ ጣሪያ ብሎን

ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል የሚቆፍር ሰው በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ከራሱ በላይ ያለውን ተራራ የሚሸከምለት ብሎንም (በጣሪያው አለት ውስጥ የሚተከል የብረት ዘንግ) ሆነ ቋሚ እንጨት አለመኖሩ ነው። በየ100 ሜትሩ ጥልቀት በግምት 2.5 ሜጋፓስካል ጫና ይጨመራል፤ ይህም በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 250 ቶን ይጠጋል። ይህን ክብደት የሚሸከሙት ሳይቆፈሩ የሚተዉት የከሰል ምሰሶዎች ናቸው። የብሎንና የሌሎች ድጋፎች ሥራ ከዚህ ይለያል፤ ከጣሪያው በላይ ያሉት ጥቂት ሜትር ውፍረት ያላቸው የአለት ንብብሮች እርስ በርስ ተያይዘው ራሳቸውን እንዲሸከሙና ከላይኛው ተላቀው እንዳይወርዱ ያደርጋሉ። ሁለቱን ሥራዎች የሚያምታታ ሰው ምሰሶ ሲቀጥን ብሎን በመጨመር ሊያካክሰው ይሞክራል፤ ይህ ግን ፈጽሞ አይካካስም።

የምሰሶ ስሌት

ከሰሉ እንደ ፍርግርግ ተቆፍሮ በመተላለፊያዎቹ መካከል ባለ አራት ማዕዘን ምሰሶዎች በሚተዉበት ዘዴ፣ አንድ ምሰሶ ከአናቱ በላይ ያለውን አለት ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ካሉት ባዶ መተላለፊያዎች በላይ ያለውንም ከጎረቤቶቹ ጋር ተካፍሎ ይሸከማል። ጫናውን ለማስላት ጥልቀቱን በሜትር ወስደው በ0.025 ያባዙ። ቀጥሎ የምሰሶውንና የመተላለፊያውን ስፋት ደምረው ለምሰሶው ስፋት ያካፍሉ፤ የተገኘውን በራሱ አባዝተው ከመጀመሪያው ውጤት ጋር ያባዙት። ለምሳሌ ጥልቀቱ 150 ሜትር፣ የምሰሶው ስፋት በየጎኑ 15 ሜትር፣ መተላለፊያው 6 ሜትር ቢሆን፣ በምሰሶው ላይ የሚያርፈው ጫና 7.35 ሜጋፓስካል ነው።

የምሰሶውን ጥንካሬ ለመገመት በሰፊው የሚታወቀው ቀመር የተገኘው በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 1960 በደቡብ አፍሪካ በኮልብሩክ ማዕድን ምሰሶዎች ተከታትለው ፈርሰው 435 ሠራተኞች ሞቱ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርምር ሳላሞንና ሙንሮ የተባሉ ተመራማሪዎች የቆሙ ምሰሶዎችን ከፈረሱት ጋር አነጻጽረው በ1967 ቀመራቸውን አወጡ፤ የምሰሶው ስፋት በ0.46 አርቢ ከፍ ብሎ፣ በ0.66 አርቢ ከፍ ላለው ቁመት ተካፍሎ፣ በ7.2 ሲባዛ ጥንካሬውን በሜጋፓስካል ይሰጣል። ከላይ ባለው ምሳሌ የከሰሉ ቁመት 3 ሜትር ከሆነ ጥንካሬው 12.1 ይሆናል። ይህን ለጫናው ሲያካፍሉት የደኅንነት ኅዳጉ 1.65 ይመጣል፤ ለዚህ ዓይነት ንድፍ የተለመደው መነሻ 1.6 ስለሆነ ምሰሶው በቂ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ቁጥሩን መልሶ ማየት ይገባል። የቁፋሮው ቡድን አቅጣጫ ስቶ ወይም ጥቂት ተጨማሪ ከሰል ፈልጎ ከምሰሶው በእያንዳንዱ ጎን ግማሽ ሜትር ቢልጥ፣ ምሰሶው 14 መተላለፊያው ደግሞ 7 ሜትር ይሆናል፤ ኅዳጉም ከ1.65 ወደ 1.39 ይወርዳል። ስፋቱን ሳይነኩ ከጣሪያው አንድ ሜትር ከሰል ጨምረው ቁመቱን 4 ሜትር ቢያደርሱት ደግሞ 1.36 ይሆናል። ለዓይን ምንም ያልመሰለ ለውጥ ንድፉ ያስቀመጠውን መጠባበቂያ ሊበላው እንደሚችል እያንዳንዱ ቆፋሪ በቁጥር አይቶ ሊያምን ይገባዋል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ፤ ስለዚህ የመተላለፊያው ስፋትና ቁመት በየፈረቃው በሜትር ተለክቶ በካርታው ላይ ይመዝገብ። ቀመሩ የወጣው ከደቡብ አፍሪካ ማዕድኖች በመሆኑ፣ በሌላ ስፍራ ከመጠቀም በፊት የቦታው ከሰል፣ ወለልና ጣሪያ በባለሙያ ሊመረመሩ ይገባል። በተለይ ምሰሶው ለስላሳ ሸክላ ላይ የቆመ ከሆነ፣ ራሱ ሳይሰበር ወለሉን ወግቶ ሊሰምጥና መተላለፊያውን ከታች ወደ ላይ ሊያሳብጠው ይችላል፤ ውኃ ሲጨመርበት ደግሞ ይባስ ይሆናል።

ጣሪያን ማንበብና ማዳመጥ

ጣሪያው ሼል (ከደቃቅ ጭቃ የተፈጠረ አለት) ከሆነ በስስ ንብብሮች የመላጥ ጠባይ አለው፤ እርጥብ አየር ሲያገኘውም እየላላ ይሄዳል። ስለዚህ ትናንት ጥሩ የነበረ ጣሪያ ዛሬም ጥሩ ነው ማለት አይቻልም። አሸዋ ድንጋይ በአብዛኛው የበለጠ ጠንካራ ነው፤ ይሁን እንጂ ከሼል ጋር የሚገናኝበት ወሰን ደካማ ስለሚሆን የአለቱ ዓይነት በሚለወጥበት ሥፍራ ልዩ ትኩረት ያስፈልጋል። እንደ መስተዋት የተወለወለ ገጽ ያለው ስንጥቅ ከታየ፣ አለቱ በዚያ በኩል ምንም መያዣ የለውም። ከሁሉም የሚያሰጋው በጣሪያው ላይ ክብ ሆኖ የሚታየው፣ ዙሪያውን በቀጭን የከሰል ቀለበት የተከበበ ድንጋይ ነው። ይህ በጥንት ዘመን ቆሞ የተቀበረና ወደ ድንጋይነት የተለወጠ የዛፍ ግንድ ሲሆን፣ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድና ጎኑ ልሙጥ ስለሆነ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሊወድቅ ይችላል። ሲገኝ ሥራው ወዲያው ቆሞ፣ ከግራና ከቀኙ ባለው ጤነኛ አለት ላይ ብሎን ገብቶ፣ በመካከሉ የብረት ማሰሪያ አልፎበት መያዝ አለበት።

ድምፅ ለማዳመጥ በተደገፈ ጣሪያ ሥር ይቁሙና ርቆ በሚደርስ ረጅም ዘንግ ፊት ለፊት ያለውን ጣሪያ ይምቱ። ጤነኛ አለት ጥርት ያለ፣ የሚያቃጭል ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀ ግን እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ጣሪያው ዝቅ ያለ ከሆነ ጓንትዎን አውልቀው የአንድ እጅዎን ጣቶች በተደገፈው ጣሪያ ላይ ያሳርፉና በሌላው እጅዎ አጠገቡን መታ ያድርጉ፤ ጆሮ ያልያዘውን መንቀጥቀጥ ጣት ይይዘዋል። ይሁን እንጂ ይህ ዘዴ ወሰን አለው። ወፍራም ንጣፍ ከላዩ ሙሉ በሙሉ ተላቆም ቢሆን ጥርት ያለ ድምፅ ሊሰጥ ስለሚችል፣ ድምፁ ክፉ ከሆነ ይመኑት፤ ጥሩ ከሆነ ግን ለብቻው ማረጋገጫ አያድርጉት።

የላላውን ድንጋይ ሲያወርዱ ከጤነኛው ወደ ላላው ይሂዱ። ዘንጉን ከሰውነትዎ ጎን እንጂ ከሆድዎ ፊት አይያዙት፤ ድንጋዩ ዘንጉን ይዞት ቢወርድ ሌላው ጫፍ ወደ እርስዎ ይመጣል። ወደኋላ የሚያፈገፍጉበት መንገድ ከገመድና ከፍርስራሽ የጸዳ መሆኑን አስቀድመው ይዩ፤ ሌላ ሰው በአካባቢው አይቁም። ሊወርድ ያልፈለገው ድንጋይ እንዲሁ አይተውም፤ ወይ ይደገፋል፣ ወይ አካባቢው ይዘጋል።

ብሎን መትከል

ካልተደገፈ ጣሪያ ሥር ማንም ሰው፣ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን፣ ሊገባ አይገባም። የወደቀ መሣሪያ ለማንሳትም ሆነ ለመለካት ልዩ ፈቃድ የሚሰጥበት ጉዳይ አይደለም። ብሎን የሚተክለው ሠራተኛ ራሱ በጊዜያዊ ድጋፍ ሥር ሆኖ፣ ከተደገፈው ወደ ፊት በመስመር በመስመር ይቀጥላል።

በሬዚን (ቀዳዳው ውስጥ ተደባልቆ በሚጠነክር ማጣበቂያ) የሚያያዝ ብሎን ጥንካሬው በቀዳዳው ይወሰናል። ለ22 ሚሊሜትር ዘንግ 28 ሚሊሜትር ቀዳዳ ተስማሚ ነው፤ በዙሪያው የሚቀረው 3 ሚሊሜትር ክፍተት ሬዚኑ በደንብ እንዲደባለቅ ያስችለዋል። ቀዳዳው ከሰፋ የሬዚኑ ፕላስቲክ ልባስ ሳይቀደድ በዘንጉ ላይ እንደ ጓንት ይጠለቅና ብሎኑ ከአለቱ ጋር ሳይያያዝ ይቀራል፤ ከታች ሲያዩት ግን ከሌሎቹ ምንም አይለይም። ከልክ በላይ ከጠለቀ ደግሞ ሬዚኑ ከዘንጉ ጫፍ በላይ ያለጥቅም ይቀራል። በሚቆፍሩበት ጊዜ መሰርሰሪያው በድንገት ወደ ላይ ቢዘል በዚያ ከፍታ ላይ ክፍተት አለ ማለት ነው፤ የሚወጣው ብናኝ ቀለሙን ሲቀይር የአለቱ ዓይነት ተለውጧል። ይህን ሁሉ ለፎርማኑ መንገር የመሰርሰሪያው ሠራተኛ የሥራ ድርሻ ነው፤ ጣሪያውን ከውስጥ የሚያየው እሱ ብቻ ነውና። በየተወሰነ ርቀትም ከብሎኑ መያዣ ጫፍ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር የሚያልፍ የሙከራ ቀዳዳ ይቆፈር።

ሬዚኑ ከገባ በኋላ ዘንጉን እያሽከረከሩ እስከ ጫፍ ያስገቡ፤ በሬዚኑ ማሸጊያ ላይ ለተጻፈው ሰከንድ ያህል ብቻ ያሽከርክሩና ያቁሙ። ከዚያም እስኪጠነክር ድረስ ሳያንቀሳቅሱ ገፍተው ይያዙት። አብዛኛው ስህተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው፦ የቸኮለ ሰው ሳይደባለቅ ያቆማል፤ በጣም የሚጠነቀቀው ደግሞ መጠንከር የጀመረውን ሬዚን መልሶ ያደቀዋል። በብሎኑ የታችኛው ጫፍ ያለው የብረት ሳህን ሙሉ በሙሉ ከጣሪያው ጋር ካልገጠመ ያ ብሎን እንደተተከለ አይቆጠር፤ አጠገቡ ሌላ ይተከል።

መገናኛ፣ ግድግዳና ክትትል

ሁለት የ6 ሜትር መተላለፊያዎች ሲገናኙ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው ርቀት 8.5 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ መገናኛዎች ረዘም ባሉ ብሎኖች ወይም በኬብል ብሎን (ከብረት ገመድ በተሠራ ረጅም ብሎን) ይጠናከሩ፤ የምሰሶ ማዕዘናትም አይቆረጡ። ግድግዳው ከፍ ባለ ቁጥር የመሰንጠቅና የመደርመስ አደጋው ስለሚጨምር በብሎንና በመረብ ይያዝ፤ በማሽንና በግድግዳ መካከል መቆምም ይከልከል።

የጣሪያን እንቅስቃሴ ለመከታተል ሁለት ከፍታ ላይ የሚታሰር የክትትል ጠቋሚ ይተከላል፤ አንደኛው ከብሎኑ ጫፍ አካባቢ፣ ሁለተኛው ከዚያ በጣም ከፍ ብሎ። በመጀመሪያው ላይ ብቻ እንቅስቃሴ ከታየ ብሎኖቹ የያዙት አለት እየተከፈተ ነው፤ ተጨማሪ ብሎን ሊረዳ ይችላል። እንቅስቃሴው በሁለተኛው ብቻ ከታየ ግን መለያየቱ ከብሎኖቹ በላይ ስለሆነ ተመሳሳይ ብሎን መደራረብ አይፈይድም፤ ረጅም ኬብል ወይም ከወለል የሚቆም የእንጨት ርብራብ ያስፈልጋል። ከጠቅላላው ልክ ይልቅ ፍጥነቱን ያስተውሉ፤ ተረጋግቶ የነበረ ንባብ እንደገና መጨመር ከጀመረ፣ ቋሚ እንጨቶች መንጣጣት ከጀመሩ ወይም ጥቃቅን ድንጋይ መንጠባጠብ ከበዛ፣ ሰዎቹን ያውጡና መንገዱን በሁለቱም በኩል ዝጉት። ንባቡ፣ ሰዓቱና የታየው ምልክት በጽሑፍ ለሚቀጥለው ፈረቃ ፎርማን በእጁ ይሰጠው፤ እሱም ጣሪያውን ራሱ ፈትሾ ሳይፈርም ማንም ወደ ውስጥ አይግባ።